አዲስ ስፒከር ቤት ሲገባ፤ ከመፍረዳችን በፊት ምን እንስማ?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወንበር አለ። ይሰማል? ጥሩ። ስለ ድምፅ ሊያወራ መጥቶ ድምፁ ሳይሰማ የሄደ ከመባል ያድነኝ። (ሳቅ)

አዘጋጆቹ “ስለ ሃይ-ፋይ ስፒከር አንድ ነገር በለን” ሲሉኝ “የትኛውን ልግዛ?” የሚለው ጥያቄ እንደሚከተል አውቄዋለሁ። የትኛውን ግዙ አልላችሁም። የማወራው ከተገዛ በኋላ ስላለው ነው። ካርቶኑ ተከፍቷል፣ ላስቲኩ ተገፏል፣ ስፒከሮቹ ሳሎን ገብተዋል፣ ሽቦው ተገናኝቷል፣ የመጀመሪያው ዘፈን ተለቋል። ከዚያስ? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ምን ይሰማል? የሰማውንስ ማመን አለበት ወይ?

የምለው ነገር አንድ ነው፤ ከአሁኑ ልናገረው፣ ሲደጋገም አትሰልቹብኝ። ቤት ውስጥ ስፒከር ብቻውን አይሰማም። የምንሰማው ስፒከሩን፣ ክፍሉንና ራሳችንን በአንድ ላይ ነው። ሦስቱን ሳንለይ “ይሄ ድንቅ ነው፣ ያ አይረባም” ካልን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ስለ ጆሯችን፣ ከዚያ ደግሞ ምን ብናዳምጥ ስፒከሩን እንደምናውቀው እናገራለሁ። ክፍሉ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ስለ ኬብል ለመስማት የመጣችሁ ካላችሁ ግን ከወዲሁ ይቅርታ። (ሳቅ)

ከሁሉ በፊት ሳጥኑ ውስጥ ስላለው ነገር በአጭሩ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1925 ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ዛሬ ቤታችን ያለውን ዓይነት ስፒከር ለዓለም አሳወቁ። በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ጥቅል ሽቦ አለ። ድምፁን ከሚያጎላው መሣሪያ፣ ከአምፕሊፋየሩ፣ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፤ ከሽቦው ጋር የተጣበቀው፣ ኮን የሚባለው ጎድጓዳ ወረቀትም አብሮት እየሄደ አየሩን ይገፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። መቶ ዓመት አለፈው፤ ማግኔቱ ጠነከረ፣ ወረቀቱ በብዙዎቹ በፕላስቲክና በሌላም ተተካ፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የሚባል ሰው ደግሞ ሳጥኑን ግጥም አድርጎ ዘጋና ውስጡ የታሰረውን አየር እንደ ስፕሪንግ ተጠቀመበት። ቁም ሳጥን የሚያህል ሳጥን ሳያስፈልግ ጥልቅ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ፣ ማውጣት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ስፒከር ያላችሁ እሱን አመስግኑት።

እሺ። ወደ ክፍሉ ከመግባቴ በፊት ስለ ሽቦው አንዲት ነገር አለችኝ።

አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። “ይሄ አዲሱ ስፒከር ቤዝ የሚባል የለውም፤ ነገ ልመልሰው ነው” አለ፤ ተናዷል። “ቆይ፣ እስቲ ልስማው” ብዬ ሄድኩ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና አንድ ዘፈን ከፈተልኝ። ዘፋኙ የት እንዳለ አይታወቅም። ከግራም ከቀኝም ከጭንቅላቴም ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፤ መሃል ላይ ግን የለም። ከበሮው ሲመታ ጠቅታው ይሰማል፣ ጉልበቱ የለም። ተነሳሁና የስፒከሮቹን ጀርባ አየሁ። በግራው ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ገብቷል። በቀኙ ቀዩ ሽቦ ጥቁሩ ላይ ነው። ነቅዬ አስተካከልኩት፤ ያንኑ ዘፈን ደገምነው። ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና “ስፒከር ቀየርክብኝ እንዴ?” አለኝ። (ሳቅ)

ምን ሆኖ ነው? አንዱ ኮን አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። የቤዝ ሞገድ ረጅም ስለሆነ ሁለቱ ክፍሉ ውስጥ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ሽቦው ምልክት ከሌለው ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አጠጋግታችሁ አንድ ዘፈን በሞኖ፣ ማለትም ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያወጡ አድርጋችሁ፣ አጫውቱ፤ ከዚያ የአንዱን ብቻ ሽቦ ገልብጡ። ቤዙ የበዛበት ትክክለኛው ነው። ሽቦ ስትነካኩ ግን አምፕሊፋየሩ ይጥፋ፤ አደራ።

ሽቦን ካነሳን አይቀር ኬብሉንም እዚሁ ልጨርሰው። ወፈር ያለ መዳብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ያልረዘመ፣ ጫፉ በደንብ የተጠበቀ። ጨርሻለሁ። (ሳቅ) ምነው፣ የተከፋ ሰው አለ? ለኬብል ያሰባችሁትን ገንዘብ ለወፍራም መጋረጃ አውሉት፤ ለምን እንደምል አሁን ትሰማላችሁ።

አንደኛው ነጥቤ፣ ክፍሉ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ። 10,000 ሄርዝ የሆነ፣ ማለትም በሴኮንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ቀጭን ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3 ሳንቲሜትር ተኩል አይሞላም። 50 ሄርዝ የሆነ ቤዝ ግን ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ነው። 20 ሄርዝ ሲሆን 17 ሜትር! እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችሁ 17 ሜትር ሳሎን ያለው ማን ነው? (ሳቅ) ማንም። ስለዚህ ቤዙ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ የሚሄደው ከሚመለሰው ጋር ይገጥማል። አንዳንድ ቦታ ላይ ይደማመርና ያብጣል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጠፋፋል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ይህን ጠባዩን ማሳየት የሚጀምረው 34 ሄርዝ ላይ ነው፤ ቀጥሎ 69 ገደማ፣ ከዚያ 103። ስፋቱም ከፍታውም የየራሳቸው አላቸው።

ይህን በወሬ ማስረዳት ይከብዳል። ከወንድሜ ልጅ ጋር የሞከርነውን ልንገራችሁ። አንድ ወጥ ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጣ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘነው። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ። “ምን ይሰማሃል?” አልኩት። “ሆዴን ይነዝረኛል” አለ። “በል አሁን ቀስ እያልክ ወደ እኔ ና።” አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፤ መሃል ሊደርስ ሲል ቀጥ አለና “ጋሼ፣ አጠፋኸው እንዴ?” አለኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ምንም አልነካሁም። ወደ ኋላ ትንሽ ሲመለስ ድምፁም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እያሳሳቀ ሳሎኑን ሲዞረው ዋለ፤ እዚህ አለ፣ እዚህ የለም፣ እዚህ አለ፣ እዚህ የለም!

አሁን አስቡት። አንድ ሰው ሶፋው መሃል ላይ ነው፤ አዲሱን ስፒከር ሰምቶ “ቤዝ የለውም” አለ። ሌላው ያንኑ ስፒከር ገዝቶ ሶፋውን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ “ቤዙ ያደነቁራል” አለ። ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ሁለቱም የፈረዱት ግን በስፒከሩ ላይ ሳይሆን በሶፋቸው ላይ ነው።

ስፒከሩ የቆመበትም ቦታ እንዲሁ ነው። ወደ ግድግዳ ባስጠጋነው ቁጥር ቤዙ ይጨምራል፤ ጥግ ላይ ሁለት ግድግዳና ወለል ተባብረው ያግዙታል። ትንሽ ስፒከር ላለው ሰው ይህ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ ላለው ግን መከራ ነው። ከኋላው ቀዳዳ ያለው ስፒከር ከሆነና ከግድግዳ ማራቅ ካልቻላችሁ፣ አምራቹ ከካርቶኑ ጋር የሚልካት የስፖንጅ መወተፊያ ካለች አትጣሏት፤ ለዚህ ነው የተሠራችው።

ሌላም ጉድ አለ። ቤዝ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ ወደ ኋላም ይዞራል። ወደ ኋላ የዞረው ግድግዳውን ገጭቶ ሲመለስ ከፊተኛው ይዘገያል። የመዘግየቱ መጠን የሞገዱን ግማሽ ከሆነ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ስፒከሩ ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ቢርቅ ይህ የሚሆነው 86 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ግማሽ ሜትር ቢርቅ 171 አካባቢ። “ታዲያ የት ላስቀምጠው?” ትሉኛላችሁ። ከዚህ ማምለጫ የለም፤ ግን ጉዳቱን መበተን ይቻላል። ቤዙን ከሚያወጣው ትልቁ ኮን፣ ከዉፈሩ፣ እስከ ኋላ ግድግዳ፣ እስከ ጎን ግድግዳና እስከ ወለል ያለው ርቀት እኩል እንዳይሆን አድርጉ። እኩል ከሆነ ሦስቱም አንድ ሄርዝ ላይ ይቆፍራሉ። ካልሆነ ሦስት ትናንሽ ጉድጓድ ይሆንና ጆሮ ችሎ ያልፈዋል።

(ከተሰብሳቢው፦ “ሰብ-ዉፈርስ?”)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሰብ-ዉፈር፣ ማለትም ቤዝ ብቻ ለሚያወጣው ስፒከር፣ አንድ ዘዴ አለ፤ ሰው ቤት እንዳትሠሩት እንጂ። (ሳቅ) ሰብ-ዉፈሩን አንስታችሁ እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉት። ቤዝ ያለበት ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በእጅና በእግራችሁ እየዳኻችሁ ሊቀመጥ የሚችልባቸውን ቦታዎች ሁሉ አዳምጡ። ቤዙ ጥርት ያለ፣ ሁሉም ኖታ የተመጣጠነ ሆኖ የተሰማችሁ ቦታ ላይ አስቀምጡት። መንገዱ ከዚህ ወደዚያም ሆነ ከዚያ ወደዚህ አንድ ነው፤ ለዚህ ነው የሚሠራው። ጎረቤት በመስኮት ቢያይ ጸሎት ላይ ናችሁ ይላል።

ከቤዙ ስንወጣ ነገሩ ይቀየራል። ቀጭኑ ድምፅ ከስፒከሩ ቀጥታ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው፣ ከወለሉ፣ ከጣሪያው የነጠረው ይከተላል። ሄልሙት ሃስ የሚባል ጀርመናዊ በ1949 ባቀረበው ጥናት፣ ተከታዩ ድምፅ በጥቂት አሥር ሚሊሴኮንዶች ውስጥ ከደረሰ ጆሯችን ሁለት ድምፅ ብሎ እንደማይለየው፣ አቅጣጫውንም በቀደመው እንደሚወስን አሳየ። አእምሯችን ብልህ ነው። ግን የነጠረው ድምፅ ከነአካቴው አይጠፋም፤ በቀጥታው ላይ ቀለም ይቀባበታል፣ የዘፋኙን ቦታ ያሰፋዋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ይወደዋል፤ እኔም በመጠኑ እወደዋለሁ፣ አልደብቃችሁም። የሚያስጠላው ባዶ ግድግዳ ከባዶ ግድግዳ ሲፋጠጥ ነው። መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። “ጢርርር” የሚል ጭራ ካለው እዚያ ክፍል ውስጥ የትኛውም ትዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ የስፒከሩ አካል፣ ሻካራ ነው።

ስለ ክፍል ሳወራ የማልዘለው አንድ ታሪክ አለ። በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፎግ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ አዲስ የትምህርት አዳራሽ ነበረው። መምህሩ ሲናገር ማንም አይሰማውም። ድምፁ ስላነሰ መሰላችሁ? አልነበረም፤ የመጀመሪያው ቃል ሳይሞት ሁለተኛው ይደርስበታል። ባዶ አዳራሹ ውስጥ አንድ ድምፅ ለመሞት ከ5 ሴኮንድ በላይ ይወስድ ነበር። ዋላስ ሳቢን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር “መላ ፈልግለት” ተባለ። ምን አደረገ? ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን ተሸክሞ ያመጣል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ አንድ የኦርጋን ቧንቧ ያስነፋል፤ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካል። ትራስ ይጨምራል፣ ይለካል። ትራስ ይጨምራል፣ ይለካል። ሲነጋ ትራሶቹን መልሶ ወደ ቦታቸው ይሸከማል። ከዚህ ሥራ አንድ ቀላል ቀመር ወጣ፤ ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ይጨምራል፣ የሚመጠው ነገር በበዛ ቁጥር ይቀንሳል። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በሱ ስሌት ተሠራ፤ እስከ ዛሬም ከዓለም ምርጦች አንዱ ነው።

እናንተ ሌሊት ትራስ ተሸከሙ አልላችሁም። ግን ልብ በሉ፤ ሰውየው አንድም ጊዜ የመምህሩን ድምፅ አልነካም።

ቤት ውስጥ ሥራው ቀላል ነው። ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። መስታወቱ ውስጥ ትዊተሩ የታያችሁ ቦታ ላይ ነው ድምፁ የሚነጥረው። እዚያ ላይ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የሆነ ነገር ይኑር። ወለሉ ላይ ምንጣፍ። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ትሪ የምትለጥፉ ግን ተዉ፣ ስለ እግዚአብሔር! የላይኛውን ትንሽ ያለዝብ ይሆናል እንጂ ቤዙ ጭራሽ አያየውም። የ100 ሄርዝ ሞገድ ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ ሁለት ጣት ወፍራም ካርቶን ምን ያደርገዋል?

አቀማመጡን በፍጥነት ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለቱ ስፒከሮችና ራሳችሁ ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ትሪያንግል ሥሩ። ትዊተሩ በጆሯችሁ ከፍታ ይሁን። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ወደ እናንተ እያዞራችሁ ሞክሩ፤ ዘፋኙ ምንም ስፒከር የሌለበት መሃሉ ላይ ቁጭ ሲል አቁሙ። ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ቤት የሚያጸዳ ሰው አለና። (ሳቅ)

ሁለተኛው ነጥቤ፣ ጆሯችን።

እዚህ ላይ ሰው ቅር ይለዋል፤ ማንም “ጆሮህ ያታልልሃል” መባል አይወድም። ግን እንነጋገር። በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ጆሯችን ለሁሉም ድምፅ እኩል እንዳልሆነ ለክተው አሳዩ። ድምፁ ዝቅ ሲል ቤዙ ከሌላው ቀድሞ ይጠፋብናል። ከፍ ሲል ቤዙ ይመለሳል፣ ሙዚቃው ይሞላል። ታዲያ ሁለት ስፒከር ስናወዳድር አንዱ በትንሹ ከፍ ብሎ ቢጫወት ምን እንላለን? “ይሄኛው ጮኸ” አንልም። “ይሄኛው ይሻላል” ነው የምንለው። “ሙሉ ነው፣ ሕይወት አለው፣ ጥራት አለው” እንላለን።

አንድ መሸጫ ውስጥ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሻጩ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ጥንድ ያወዳድርለታል። ርካሹን አሰማው። ወደ ውዱ ሲቀይር ጣቱ ቮልዩሙን ሽው አድርጎ አለፈ፤ እንደ ዋዛ፣ ዓይኑ ደንበኛው ላይ ነው። ደንበኛው ፊቱ በራ። “አየህ ልዩነቱን?” አለው ሻጩ። አየ እንጂ! ገዝቶም ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ያ ጣት የለም።

ያለ ሻጭ ጣትም ይህ ይደርሳል። ከስፒከሩ ጋር የሚመጣውን ወረቀት አንብቡ፤ በዴሲቤል፣ በድምፅ ከፍታ መለኪያ፣ የተጻፈ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለ፤ በእኩል ኃይል ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል። አንዱ 85፣ ሌላው 88 ከሆነ፣ በእኩል ድምፅ ለማጫወት 85ቱ የዋቱን እጥፍ ይፈልጋል። ቮልዩሙ አንድ ቦታ ላይ ቢቆምም 88ቱ ጮክ ይላል። ስለዚህ ስታወዳድሩ አስተካክሉ። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን የሹሹታ ድምፅ ክፈቱ፣ ስልካችሁን ጆሯችሁ በሚሆንበት ቦታ ላይ አድርጉ፣ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያውን እያያችሁ ሁለቱን አንድ አድርጉ። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ዓይናችንስ? ፍሎይድ ቱል የሚባል ሳይንቲስት አለ፤ በካናዳ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት፣ ኋላም ሃርማን በሚባለው ኩባንያ የሠራ። በ1994 ከሾን ኦሊቭ ጋር ያቀረቡት ሥራ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ተመሳሳይ ሰዎች ተመሳሳይ ስፒከሮችን አንዴ እያዩ፣ አንዴ በመጋረጃ ተከልለው ሰሙ፤ ነጥብ ሰጡ። ሲያዩ የሰጡት ነጥብና ሳያዩ የሰጡት ለየቅል ሆነ። ሰዎቹ እኮ የስፒከር ኩባንያው የሃርማን ሠራተኞች ናቸው! በሌላ በኩል ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። የቱል የረጅም ዓመታት ሥራ እንደሚያሳየው ሰው ሳያይ ሲያዳምጥ በሰፊው ይስማማል። ፊት ለፊት ሲለካ የተስተካከለ፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ያልተቆራረጠ ስፒከር በብዙኃኑ ዘንድ ይመረጣል። “ጆሮ እንደ ሰዉ ነው” የሚባለው እንግዲህ በከፊል ብቻ ነው እውነቱ።

አሁን ወደ አንድ አከራካሪ ጉዳይ ልግባ። “አዲስ ስፒከር እስኪፈታታ ድረስ አይፈረድበትም” ይባላል። በየትኛውም ስብስብ ይህን የሚል አለ፤ እዚህም እንዳለ ፊታችሁ ይናገራል። (ሳቅ) የኮኑን ዙሪያ የያዘው ጎማና ከኋላ ያለው ደጋፊ ጨርቅ ሥራ ሲጀምሩ ትንሽ ይለሰልሳሉ፤ ይህ የሚለካ ነገር ነው። ግን ለውጡ ትንሽ ነው፣ አብዛኛውም የሚያልቀው መጀመሪያ ላይ ነው። ከሳምንታት በኋላ “ተፈታታ፣ ተከፈተ፣ ጣፈጠ” የሚባለው ለውጥ በአብዛኛው የመጣው ከጆሯችን ነው ባይ ነኝ። ጆሮ ይለምዳል። አሮጌው ስፒከር ለዓመታት “ትክክል ይህ ነው” ብሎ አስተምሮታል፤ አዲሱ ሲመጣ ባዕድ ይሆንበታል፣ ቀስ በቀስ ይቀበለዋል።

አላመናችሁኝም? እንግዲያው አትመኑኝ፤ ሞክሩት። ስፒከር በጥንድ ነው የሚሸጠው፣ አይደለም? አንዱን ብቻ አውጥታችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ አጫውቱት፤ ሌላው ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ በሞኖ፣ ድምፃቸውን አስተካክላችሁ፣ ሌላ ሰው እየቀያየረላችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። የተፈታታውን ለይታችሁ ካወቃችሁ እኔን ለመርታት ማስረጃ ይዛችኋል።

ለዚህ ነው በመጀመሪያው ምሽት አትደሰቱ፣ አትዘኑ የምለው። መደሰቱ እንኳ ይሁን። ውሳኔ ግን አትወስኑ። የመመለሻ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካርቶኑን አትቅደዱ፤ ጆሯችሁ እስኪለምድ ከስፒከሩ ጋር ኑሩ። ከዚያ አሮጌውን መልሳችሁ ስሙት። ያኔ ብዙ ነገር ይገለጣል።

ሦስተኛው ነጥቤ፣ ምን እንስማ?

ሰው አዲስ ስፒከር ሲገዛ የሚከፍተው ምንድን ነው? ቤዙ ቤት የሚያናውጥ፣ ሲምባሉ የሚያብረቀርቅ ነገር፤ ጎረቤት እንዲሰማ። እኔ የምላችሁ ግን የሰው ድምፅ ስሙ። ዘፈን ሳይሆን ንግግር። ጆሯችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰለጠነው በዚህ ነው። የቢቢሲ መሐንዲሶች የስቱዲዮ ስፒከር ሲሠሩ ዋና መፈተኛቸው የሰው ንግግር ነበር፤ ተናጋሪው በአንድ ክፍል፣ ስፒከሩ በሌላ፣ እየተመላለሱ ያነጻጽራሉ።

እናንተም ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። በጣም የምታውቁትን ሰው፣ እናታችሁን፣ ባለቤታችሁን፣ ልጃችሁን፣ ብዙ ልብስና ትራስ ባለበት ክፍል ወይም ሜዳ ላይ በስልክ ቅዱት። ስልኩን ከአፉ አንድ ክንድ አርቁ። ከዚያ በአንድ ስፒከር ብቻ፣ ሰውየው በሚናገርበት ከፍታ አጫውቱት። ጥያቄው አንድ ነው፤ እሱ ነው? እኔ እህቴን ነው የቀዳኋት። በአንዱ ስፒከር ስሰማት ቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ሆና የምታወራ መሰለች፤ በሌላው አፍንጫዋ የታፈነ። በሦስተኛው ግን ከጓዳ “ማነው የጠራኝ?” ብላ እናቴ መጣች። (ሳቅ)

አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፤ እነዚህ እየፈነዱ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ድንገት ይነሳሉ፣ ድንገት ያበቃሉ። “ጨለማው ሲጠራ ጭጋጉ ቀስ ብሎ ተገፈፈ” ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። በጥሩ ስፒከር እያንዳንዷ ፍንዳታ ቁርጥ ብላ ትሰማለች። በመጥፎው ትዝረከረካለች፣ ወይም ጠርዟ ጆሮ ይወጋል። ቀጥሎ “ስስ ሻሿን ሸብ አደረገች” ይበልላችሁ። ስ እና ሽ ተለይተው ይሰማሉ? ወይስ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፉጨት ሆኑ? ፉጨት ከሆኑ ከዉፈሩ በላይ ያለው ድምፅ፣ በተለይም ትዊተሩ፣ ይጠርጠር።

ከንግግሩ በኋላ ወደ ሙዚቃ ሂዱ። ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ፤ ዘፋኙን እርሱት። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል ይራመዳሉ ወይስ አንዷ ብቻ በመጣች ቁጥር “ቡም” ትላለች? አንዷ ብቻ ካበጠች ስፒከሩን ከመስደባችሁ በፊት ተነሱና ወንበር ቀይሩ። ይህን ጻፉልኝ፦ ቦታ ስትቀይሩ አብሮ የሚቀየር ጥፋት በአብዛኛው የክፍሉ ነው፤ የትም ብትቀመጡ የሚከተላችሁ የስፒከሩ ነው። ብዙ ስፒከር በዚህች ምክንያት ብቻ ያለ ጥፋቱ ተመልሷል።

ሌላው፣ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። ጮክ ሲል ሁሉም ጀግና ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ ሰው ተኝቶ በምትሰሙበት ከፍታ የዘፈኑ ግጥም ይለያል? የዘፋኙ ትንፋሽ ይሰማል? ደግሞም ረዘም አድርጋችሁ ስሙ። እጃችሁን ታዘቡት፤ ሳታስቡት ቮልዩሙን ወደ ታች እየመለሰ ከሆነ ጆሯችሁ ደክሞታል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ “እንዴት ጥርት ይላል!” ያስባለን ስፒከር ብዙ ጊዜ ላይኛውን ያበዛ ሆኖ ይገኛል፤ ቆይቶ የሚያደክመውም እሱ ነው። ጤናውንም አትርሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ገደብ በአማካይ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል።

በቃ፣ ብዙ አወራሁ። አሁን ወደ ማዳመጡ እንግባ። ከዚያ ጥቁር ጨርቅ በስተጀርባ ሁለት ጥንድ ስፒከሮች አሉ። የድምፅ ከፍታቸውን ከመምጣታችሁ በፊት አስተካክለነዋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ የሚቀያይረው ልጅ ብቻ ነው የሚያውቀው። በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ “ሀ” እና “ለ” የሚል አለ፤ ስም አትጻፉ፣ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋርም አትማከሩ። መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ ፒያኖ፣ ከዚያ ቤዝ ያለበት ሙዚቃ ትሰማላችሁ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያላችሁ ግድግዳው ከጀርባችሁ ስለሆነ ቤዙ ይበዛባችኋል፤ ስለዚህ ግማሹ ላይ ስንደርስ ከፊተኞቹ ጋር ቦታ ትቀያየራላችሁ። ያኔ ሐሳባችሁን የቀየራችሁ እንደሆነ የፊተኛውን አትሰርዙት፤ አዲሱን ከጎኑ ጻፉበት። ጥያቄ ያላችሁ ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ እመልስላችኋለሁ። እስቲ መብራቱን ቀንሱልን።